አንጀት ያሰርኩባቸው ዓመታት

ባለፈው ወር ከማስተማሪያ ላቦራቶሪው ጡረታ ስወጣ፣ አብረውኝ የሠሩት ልጆች ትንሽ ድግስ ቢጤ አዘጋጅተው ንግግር አድርጊ አሉኝ። ብድግ ብዬ «አመሰግናለሁ» ብቻ አልኩና ተቀመጥኩ። በኋላ አንዲት ወጣት መምህርት አጠገቤ መጥታ፣ ሥራውን የተማርኩት የትኛው ኮሌጅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ኮሌጅ የሚባል ደጅ አልረገጥኩም፣ ቤሩት ሰው ቤት ልሠራ ሄጄ አንጀት ማሰር ተምሬ መጣሁ ስላት ሳቀች። የምቀልድ መስሏት ነበር። ያን ቀን በደንብ ልነግራት ያልቻልኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

ቤሩት የገባሁት በእነሱ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ጦርነታቸው ካበቃ ብዙም ሳይቆይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያው ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራ ላይ ነበር፤ ሦስት ልጆች፣ ሁለት ፎቅ፣ ማለቂያ የሌለው መስኮት። ዐረብኛውን የለመድኩት እዚያ ነው። ዓመት ሳይሞላኝ ቤተሰቡ ወደ ውጭ አገር ሊሄድ ሆነና ወኪሉ ፉርን ኤል ሸባክ በሚባል የቤሩት ሰፈር ለሚኖሩ ባልና ሚስት አስረከበኝ። ፓስፖርቴም ከእኔ ጋር ከአንዱ መሳቢያ ወደ ሌላው መሳቢያ ተዛወረ።

ማዳሜ ኖሃ ትባላለች። ጸጉሯን በየሳምንቱ የምትሠራ፣ ሁሉን ነገር በፈረንሳይኛ «ሲል ቩ ፕሌ»፣ እባክሽ፣ እያለች የምታዝ፣ ስትቆጣ ግን ጎረቤት የምታሰማ ሴት ነበረች። ባሏ ዶክቶር ፋሪስ ስድሳን አልፈዋል። ሐኪም ቢሆኑም በሽተኛ አያዩም፤ በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተምራሉ፣ የቀረውን ጊዜ ላቦራቶሪ ውስጥ ያሳልፋሉ። ልጆቻቸው ፈረንሳይ ነበሩ። ቤቱ ጸጥ ያለ ነው፤ ከመጀመሪያው ቤት ጋር ሳስተያየው ዕረፍት የወጣሁ ያህል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማዳሜ ለእንግዳ ሩዝና ሥጋ የሚጠቀጠቅበት የበግ አንጀት እንዳጥብ ሰጠችኝ። እኔ ደብረ ሲና ሳድግ፣ ለበዓል በግ ሲታረድ አንጀትና ጨጓራ ማጠብ የኔ ድርሻ ስለነበር እጄ አልሳተም። አንጀቱን በቀጭን እንጨት ገልብጬ፣ ሞራውን በጥፍሬ ገፍፌ፣ ሳልቀደው ሙሉውን ስጨርስ ዶክቶር ፋሪስ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው እያዩኝ ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ አላውቅም።

«አንድም ቦታ አልተቀደደም?» አሉኝ።

አልተቀደደም አልኳቸው። ውሃ ሞልቼ አሳየኋቸው። ምሳ ላይ ለሚስታቸው ሲነግሯት ሰማሁ። ረዳታቸው የነበረው ሰውዬ ወደ ውጭ ከሄደ አራት ወር ሆኖታል፤ የእሳቸው እጅ ደግሞ ትንሽ ትንሽ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። በሳምንት ሁለት ቀን ልውሰዳት አሏት። ማዳሜ፣ የቤቱን ሥራ ማን ሊሠራው ነው ብላ አጉረመረመች። በመጨረሻ ማክሰኞና ሐሙስ ተባለ። በኋላ ሦስት ቀን ሆነ፣ ከዚያ ማዳሜ መቁጠሩን ተወችው።

ላቦራቶሪው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነበር። መጀመሪያ ጠርሙስ ማጠብ ብቻ ነበር ሥራዬ። ጠርሙስ ማጠብ ቀላል አይምሰላችሁ፤ ትንሽ ሳሙና ብትቀር የቀኑ ሥራ ከንቱ ነው። ሁለት ወር ካጠብኩ በኋላ ወደ ጠረጴዛው አስጠጉኝ።

የሚያጠኑት አንድ ነገር ነበር፦ አንጀት ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር፣ አንጀቱ ውሃ ማስገባትና ማስወጣቱ ምን ይሆናል? እሳቸው አይጧን በመድኃኒት ያስተኟታል፤ ከዚያ በኋላ አትነቃም። ደሟ እየዞረ፣ ትንፋሿ እየሠራ፣ የእጄን ጣት የሚያህል የአንጀት ቁራጭ ከሆዷ ሳይለይ ወደ ውጭ ይወጣል። የኔ ሥራ ከዚያ ይጀምራል። በሁለቱም ጫፍ ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ አስገብቼ በሐር ክር አስራለሁ። ክሩ ከላላ ውሃው ይሾልካል፣ ከጠበቀ አንጀቱን ይቆርጠዋል። ደም የሚያመላልሰው ሥር በክሩ መታሰር የለበትም። ቁራጩን በሞቀ የጨው ውሃ በተነከረ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ፤ ከላይ አምፖል ያሞቀዋል። ከአንደኛው ቱቦ ጋር በላስቲክ የተያያዘ ውሃ የያዘ የብርጭቆ ዕቃ አለ፤ በብረት ዘንግ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ዕቃው ከፍ ባለ ቁጥር አንጀቱ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። በቃ፣ መሣሪያው ይኸው ነው።

እኔ አንጀትን እንደ ቧንቧ ነበር የማስበው። ዶክቶር ፋሪስ ቧንቧ አይደለም አሉኝ፤ ውሃ የሚያስገባና የሚያስወጣ፣ ቀኑን ሙሉ ሁለቱንም የሚሠራ ግድግዳ ነው። ደህና ሲሆን የሚያስገባው ይበልጣል። ዕቃውን ትንሽ ብቻ ከፍ ስናደርገው ቁራጩ ውሃውን እንደወትሮው ይጠጣል። ከፍ እያለ ሲሄድ መጠጣቱን ይቀንሳል፣ ከዚያ ያቆማል። ከዚያም በላይ ስንወስደው ነገሩ ይገለበጣል፤ ከደም በኩል ውሃ ወደ አንጀቱ ውስጥ መምጣት ይጀምራል። ሞልቶ የተነፋው አንጀት ራሱ እንደገና ውሃ ይጨምርበታል ማለት ነው። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን አላመንኩም።

ሌላም ነበር። የአይጧ ደም ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ይጨመራል። ቀለሙ ደህናውን ግድግዳ አያልፍም፤ ከአንጀቱ የምንቀዳው ውሃ ንጹሕ ነው። ግፊቱ ሲበዛና ሲቆይ ግን ግድግዳው ይሳሳል፣ ውሃው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ዶክቶር ፋሪስ ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ አንሥተው ለረጅም ጊዜ ያዩዋታል።

ሰዎች አለቃሽ ምን አስተማሩሽ ሲሉኝ የማስታውሰው ልማዳቸውን ነው። ሕይወት ያለውን ነገር ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ያሞቃሉ። የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነው። የውሃውን ቁመት ለማንበብ፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ ዓይናቸው ከውሃው ጋር እኩል እስኪሆን ይንበረከካሉ፤ ቆሞ ማንበብን እንደ ስርቆት ነበር የሚቆጥሩት። ካነበቡ በኋላ የጻፉትን በመዳፋቸው ሸፍነው ወደ እኔ ይዞሩና «ምን አየሽ፣ ያ ቢንቲ?» ይሉኛል። ያ ቢንቲ ልጄ ማለት ነው። ያየሁትን ከተናገርኩ በኋላ ነው እጃቸውን የሚያነሡት። የእሳቸውን ሰምቼ እንዳልደግም ነበር። በዚያ አገር ቆሻሻው ለቀቀ ወይስ አልለቀቀም ከማለት በቀር ምን አየሽ ያለኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ሦስተኛው በጋዬ ላይ ነው። መብራት በየጊዜው ይጠፋ ነበር። መብራት ሲጠፋ አምፖሉ ይጠፋል፣ አይጧ ትቀዘቅዛለች፣ ሥራው ይበላሻል፤ ስለዚህ እንቸኩላለን። ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የምታባክነው ላስቲኩ ውስጥ የምትቀር የአየር አረፋ ነበረች። በጣት እየመታሁ ቀስ ብዬ ማውጣት ነበረብኝ። አንድ ቀን ዕቃውን እስከ ላይኛው ጫፍ በአንድ ጊዜ ከፍ ሳደርገው አረፋዋ ቱር ብላ ወጣች። አንጀቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተወጠረ፤ ወዲያው መለስኩት፣ ረገበ፣ እንደ ድሮው መሰለኝ። ዶክቶር ፋሪስ በሌላኛው ክፍል ስለነበሩ አላዩኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አረፋ ባየሁ ቁጥር እንዲያ አደርግ ጀመር።

በዚያ በጋ ሰማያዊው ቀለም መምጣት በማይገባው ቦታ መጣ። ዕቃው ገና ዝቅ ብሎ እያለ ውሃው ሰማያዊ ይሆናል። ዶክቶር ፋሪስ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ በኋላ ደስ አላቸው። አዲስ ነገር ያገኙ መሰላቸው። ቆጵሮስ ላይ በሚደረግ የሐኪሞች ስብሰባ ሊናገሩ ወረቀት አዘጋጁ። እራት ላይ ለማዳሜ፣ ግድግዳው እስከ ዛሬ ከምናስበው በላይ ስስ ነው እያሉ ሲነግሯት ሳህን ይዤ ቆሜ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ሰማያዊው የመጣባቸው ቀናት አረፋዋን በአንድ ጊዜ ያወጣሁባቸው ቀናት ነበሩ።

ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ወደ አገር ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በላይ ግን የፈራሁት ከጠረጴዛው እንዳያርቁኝ ነበር። ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ለጉዞው ሸሚዛቸውን ስተኩስ አልቻልኩም። ሸሚዙን እንደያዝኩ የሚያነቡበት ክፍል ገባሁ።

«ሚስተር፣ ያ ሰማያዊ በኔ ነው የመጣው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስንት ቀን እንዲያ እንዳደረግሽ ታውቂያለሽ ሲሉኝ አላውቅም አልኩ፤ አረፋ ባየሁ ቁጥር። በጋውን በሙሉ ነው? አብዛኛውን፣ አልኩ። ስልኩን አንሥተው ስብሰባው ላይ እንደማይገኙ ነገሩ።

ማዳሜ ያን ቀን የጮኸችብኝን ጩኸት የሕንፃው ነዋሪ በሙሉ ሰምቷል። በሰው ፊት አዋርደሽዋል አለችኝ፤ እውነቷን ነበር። ዶክቶር ፋሪስ የበጋውን ደብተር አውጥተው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አንድ መስመር በእርሳስ አሰመሩ። ጽሑፉ ከመስመሩ ሥር ይነበባል። ቅደዱት ብዬ ለመንኳቸው፤ ደብተሩን ዘግተው ቦታው መለሱት። ሁለት ቀን ወደ ላቦራቶሪ ሳይወስዱኝ ቀሩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ እንደተለመደው ሐሙስ ነበርና፣ ያላ ተነሺ አሉኝ። ላቦራቶሪ ደርሰን ካፖርታቸውን ከለበሱ በኋላ ነው የተናገሩት።

«ዕቃውን ዝቅ ስታደርጊው ነገሩ ያበቃ መስሎሽ ነበር። እኔም ባደርገው እንዲያ ይመስለኝ ነበር። አንጀቱ ግን ከዚያች ደቂቃ በኋላ ገና አላገገመም ነበር። ለማገገም ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? አላውቅም። እንየው።»

ቀጣዩን ዓመት የሠራነው ያንን ነው። በደብተሩ ላይ አንድ አዲስ ረድፍ ጨመሩ፤ ርዕሱ «ምን ተበላሸ» ይላል። በአማርኛ ጻፊው አሉኝ። እኔ የጻፍኩትን ማንበብ ስለማይችሉ፣ ማታ ማታ ጮክ ብዬ በዐረብኛ እነግራቸዋለሁ። የረሳሁት፣ የደፋሁት፣ የቸኮልኩት ሁሉ እዚያ አለ። ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ዓመታት በሙሉ ያቺን ረድፍ ሳላሰምር ደብተር ጀምሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባሳጥር ይሻላል። ዶክቶር ፋሪስ በዘጠናዎቹ መጨረሻ ጡረታ ወጡ፤ ላቦራቶሪው ተዘጋ። እጇ የታመነ ነው የሚል ደብዳቤ ጽፈው ሰጡኝ። ማዳሜ ፓስፖርቴን ከመሳቢያው አውጥታ በሁለት እጇ አስረከበችኝ። ያንን ደብዳቤ ይዤ ነው አዲስ አበባ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁበትን ሥራ ያገኘሁት። ከእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን ሥራዬ ምን ላይ እንደዋለ ያየሁት በአንድ እሑድ ነው፤ ላቦራቶሪው ሊዘጋ ዓመት ሲቀረው።

እሑድ እሑድ ረፋድ ላይ ዶራ ወደሚባል ሰፈር እሄዳለሁ። እዚያ የአገር ሰው ይገኛል፤ ከወሎ የመጣችው ጓደኛዬ ዘይነባም ሁልጊዜ አንድ ሱቅ ፊት ቆማ ትጠብቀኛለች። ዘይነባ ከማዳሟ ቤት ወጥታ ቡርጅ ሐሙድ ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ክፍል ተከራይታ ነበር። ፓስፖርቷ የቀድሞ ቤቷ ቀርቷል። ያን እሑድ ሳጣት ሰርቪስ ታክሲ ይዤ ቤቷ ሄድኩ።

ፍራሽ ላይ ተጠማዝዛ አገኘኋት። ሆዷ ተነፍቷል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል። ከዓርብ ጀምሮ አረንጓዴ ያስመልሳታል፤ ሰገራም ነፋስም አልወጣትም። አብረዋት የሚኖሩት ሴቶች ሆዷ ደርቆ ነው ብለው ትናንት የሚያስቀምጥ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝተው ሰጥተዋት ነበር። እኔ ስገባ ሁለተኛውን በብርጭቆ እየበጠበጡ ነበር። አንዷ ቀና አድርጋ ይዛታለች።

ብርጭቆውን ተቀበልኩና መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል? አታዪያትም፣ ደርቃለች፤ ውሃ ያስፈልጋታል» አለችኝ።

«ውሃው ሆዷ ውስጥ ነው ያለው» አልኳት።

የዘይነባን ቀሚስ ገለጥ አደረግሁ። በቀኝ በኩል፣ ልጅ ሆና ደሴ ላይ ትርፍ አንጀቷ የወጣበት ጠባሳ አለ። ሆዷ ላይ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ሲጮህ፣ ሲያቆም፣ እንደገና ሲጮህ ይሰማል፤ ሲጮህ እሷም ትቃትታለች። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ሁለቱ ጫፉ የታሰረ አንጀት ምን እንደሚያደርግ ስድስት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። እሷ ከውስጥ እየሞላች ከውጭ እየደረቀች ነበር።

ከሥር ካለው ሱቅ ፉርን ኤል ሸባክ ደወልኩ። ማዳሜ አነሣችው፤ እሑድ ምሳ ላይ እንግዳ አለን ልትል ስትጀምር፣ ዶክቶርን ብቻ ስጪኝ አልኳት። እንዲያ ብያት አላውቅም። ሰጠችኝ። ዶክቶር ፋሪስ ምን አየሽ አሉኝ፣ እንደ ላቦራቶሪው። ሁሉንም ነገርኳቸው። በአፏ ምንም እንዳትሰጧት፣ እየመጣሁ ነው አሉ።

ወደ ላይ ተመልሼ ዶክቶር ሆስፒታል ሊወስዱሽ እየመጡ ነው አልኳት።

«ሆስፒታል አልሄድም፣ በላይነሽ» አለችኝ። «ወረቀት የለኝም። ይዘው እስር ቤት ያስገቡኛል።»

«ስትድኚ እንከራከራለን» አልኳት። «እስከ ነገ ከቆየን ግን አንጀትሽ አይቆይልንም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።»

እጄን ያዘችኝና ዓይኗን ጨፈነች።

ዶክቶር ፋሪስ አራት ፎቅ በዚያ ጉልበታቸው ወጥተው መጡ። ከተንበረከኩ በኋላ መዳፋቸውን አፋትገው አሞቁና ሆዷን ነኩ። ለሃያ ዓመት በሽተኛ አላየሁም፣ ይቺን ግን ሃያ ዓመትም አያስረሳም አሉኝ። ሁለታችን ደግፈን፣ ሴቶቹ ከኋላ ሆነው አወረድናት።

ሆስፒታሉ የተመረጠው የእሳቸው የድሮ ተማሪ የሆነ ቀዶ ሐኪም ስላለበት ነው። መግቢያው ላይ ግን ጸሐፊዋ ኃላፊዋ ማነው ብላ ጠየቀች። ወረቀት የሌላት ሰው ኃላፊ የላትም። ዶክቶር ፋሪስ ሲያስረዱ፣ ጸሐፊዋ አዝናለሁ፣ ደንብ ነው ስትል፣ ከኋላችን የተረከዝ ኮቴ ሰማሁ። ዶክቶር ሲወጡ ሆስፒታሉን ነግረዋት ኖሮ፣ ማዳሜ ኖሃ በእሑድ ልብሷ፣ እንግዶቿን ምሳ ላይ ጥላ፣ በታክሲ መጥታለች።

«ኃላፊዋ እኔ ነኝ» አለች። «የት ነው የምፈርመው?»

ፈረመች። ዘይነባን ከዚያ ቀን በፊት አይታት አታውቅም። እኔም ማዳሜን ከዚያ ቀን በፊት በደንብ አላየኋትም ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አስገቡላት። ከአልጋው ሥር ያስቀመጡት ጠርሙስ በአረንጓዴ ውሃ ሞላ። ቀየሩት፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ። ዶክቶር ፋሪስ አጠገቤ ቆመው ጠርሙሱን እያዩ ነበር፤ ምን አየሽ ብለው አልጠየቁኝም። ያ ሁሉ ውሃ ከደሟ ተነሥቶ ነው እዚያ የተጠራቀመው። በእጇ የደም ሥር በኩል ሌላ ውሃ እየገባላት ነበር። ሆዷ ጎደል ሲል እስካሁን ተኮማትሮ የቆየው ፊቷ ፈታ አለ።

ከዚያ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት፤ ቀዶ ሐኪሙ ከሁለት ሰዓት በኋላ ወጥቶ ነገረን። ከድሮው ጠባሳ የተነሣ እንደ ክር ያለ ነገር አንጀቷን ጠፍሮት ነበር። ክሩን ቆረጠው። የታሰረው ቦታ ጠቁሯል፤ ቆርጬ ላውጣው ብሎ ነበር፣ ግን በሞቀ የጨው ውሃ ጨርቅ ሸፍኖ ጠበቀ። ቀስ እያለ መቅላት ጀመረ። ሆዷን መልሶ ሰፋው። ዶክቶር ፋሪስ፣ ጨርቁን ማን አስተማረህ ብለው ጠየቁት። እርስዎ ነዎት አላቸው። አንገታቸውን ደፉ።

ግን ገና ነው አሉን። ያ የተወጠረ አንጀት ተኝቷል፤ ሲነቃ የምናውቀው ነፋስ ሲወጣት ነው፤ እስከዚያ ምግብም ውሃም የለም። ማዳሜ ቤቱን ትታ፣ እኔም ቤቱን እንድተው አድርጋ፣ ሦስት ቀን ተመላለስን። ሐኪሞቹ በየጠዋቱ መጥተው ዘይነባን «ወጣ?» ይሏታል። በአገሯ እንዲህ ያለ ነገር በወንድ ፊት ስለማይነሣ፣ በሐፍረት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ በጣቷ ጠራችኝ። ጎንበስ አልኩ።

«ወጣ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«አንቺ ደግሞ። ወጣ እያልኩሽ» አለችና አንሶላውን ፊቷ ላይ ጎተተችው።

ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ። ዶክቶር ፋሪስና ማዳሜ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በዐረብኛ በጨዋ ቋንቋ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበርና በአማርኛ «ወጣ» አልኳቸው። እንባዬ ይፈስ ነበር። ከፊቴ ገባቸውና ዶክቶር ፋሪስ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሥተው ሐምዱሊላህ አሉ። ማዳሜ ኖሃ፣ በገበታዋ ላይ ሰው ሲያገሳ እንኳ የምትቆጣው ሴት፣ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እየሰማት ጠየቀችኝ።

«በደንብ ጮክ ብሏል?»

በሩ ክፍት ስለነበር ዘይነባ ሰማች። ከአንሶላው ሥር፣ ስፌቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳያማት እየፈራች ስትስቅ ሰማናት።